ቀኑን እንደ ሂሳብ መዝጋት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኗል። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚያበራው የስልኬ መስታወት ብቻ ነው። ዛሬ የተያዙ፣ ዛሬ የሞቱ፣ ከትናንት የጨመሩ እያልኩ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ቁጥር አገላብጣለሁ። ቁጥር የዕለት ሥራዬ ነው፤ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። እኔ የምደምረው ቁጥር ግን መድረሻ አለው፤ ከድምሩ ሥር ሁለት መስመር አሰምርና እፎይ እላለሁ። የዚያ ሌሊት ቁጥር ድምር አልነበረውም። አንዱን ገጽ ስጨርስ ሌላው ታድሶ ይጠብቀኛል። ከአልጋው አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ በማግስቱ ማስረከብ የሚገባኝ የወር መዝጊያ ሪፖርት ለ6 ቀናት ሳይከፈት ተቀምጧል።

ወረርሽኙ ከታወጀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያሳወቀው ማርች 11 ቀን 2020 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛውን ወደ ቤት ላከ፤ የልጄም ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያ ሰሞን በመላው ዓለም ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ትምህርታቸው ተቋርጦ ነበር፤ የ9 ዓመቷ ልጄ ከእነርሱ አንዷ ናት። ብቻዋን ትኖር የነበረችው እናቴ እኛ ዘንድ መጣች። የባለቤቴ ሥራ ከቤት የሚሠራ ስላልሆነ በየማለዳው ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ በሩ አጠገብ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከዚያ በኋላ ነው ልጁን የሚያቅፈው። አራት ሰው፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ።

ይህን የምጽፈው በወረርሽኝም ሆነ በሌላ ምክንያት ቤት መዋል ግድ ለሆነበት፣ ሥራውም ራሱም ከእጁ እያመለጡ ለመሰለው ሰው ነው። እኔን የረዳኝ ነገር ትንሽ ነው። ለማግኘት ግን ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛልና ለሌላው እንዲያጥርለት እፈልጋለሁ።

በፊት ቀኔ ጠርዝ ነበረው። ጠዋት የቤቱን በር ዘግቼ ስወጣ የቤቱ ነገር ከኋላዬ ይቀራል፤ ማታ ቢሮዬን ቆልፌ ስወጣ የሥራው ነገር እዚያው ያድራል። በመካከል ያለው መንገድ ራሱ ሐሳቤን ከአንዱ ወደ ሌላው የማሻግርበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ካጣሁት በኋላ ነው። ቤት ስውል ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ተደባለቀ። ለደብዳቤ መልስ እየጻፍኩ ልብስ አጥባለሁ፣ ልጄን እያስጠናሁ ስልክ አነሳለሁ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ሠንጠረዥ አስተካክላለሁ። ከማለዳ እስከ ምሽት እጄ ሥራ አይፈታም፤ ማታ ግን "ዛሬ ምን ሠራሽ?" ብባል የምመልሰው የለኝም። ሰኞ ከማክሰኞ አይለይም። ከበሽታው ፍርሃት ቀጥሎ እኔን የከበደኝ ይህ ነው፤ ቀኑ አያልቅም።

መጀመሪያ የሞከርኩት የጊዜ ሠሌዳ ነበር። በትልቅ ወረቀት ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለውን በየግማሽ ሰዓቱ ከፋፍዬ በአራት ቀለም ቀባሁት። ሥራ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ ስፖርት አለ፣ አዲስ ቋንቋ መማር አለ፣ ለዓመታት ሳይነበቡ የቆዩ መጻሕፍት አሉ። በዚያ ሰሞን የአይዛክ ኒውተን ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ይዞር ነበር። በ1665 በወረርሽኝ ምክንያት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ኒውተን ወደ ትውልድ ቦታው ዎልስቶርፕ ተመልሶ በሂሳብ፣ በብርሃንና በስበት ላይ ታላላቅ ሐሳቦቹን ያፈለቀው ቤት ተቀምጦ ነው ይባላል። ጊዜው ለኒውተን ፍሬያማ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያኔ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሚያስጠናው ልጅ፣ የሚያስታምመው ሽማግሌ፣ በወሩ መጨረሻ ሪፖርት የሚጠብቅበት አለቃ አልነበረውም። ይህን ታሪክ ለተጨነቀ ሰው እንደ መመዘኛ ማቅረብ ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ በዚያ መመዘኛ ራሴን ለሳምንታት ስመዝን ነበር፤ ሁልጊዜም ቀልዬ እገኛለሁ።

ሠሌዳው የቆየው ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ስብሰባ በመርዘሙ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረሁ። በሁለተኛው ቀን ልጄ ትኩሳት ያላት መስሎኝ ሙቀቷን ስለካ፣ ደግሜ ስለካ ሙሉ ጠዋት አለፈ፤ ምንም አልነበረባትም። በሦስተኛው ቀን ማታ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አነሳሁት። ያ ሠሌዳ የተሠራው ማንም ለማይታመምበት፣ ማንም ለማይጣራበት ቀን ነበር።

እጄ ለምን እንደታሰረ የገባኝ ቆይቶ ነው። በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ተመራማሪዎች በውሾች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ምንም ቢያደርጉ ሊያስቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ በቀላሉ ዘልለው ሊያመልጡ ወደሚችሉበት ሳጥን ሲገቡ፣ አብዛኞቹ ለማምለጥ ሳይሞክሩ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ሁለቱ ሰዎች እንስሶቹ አቅመ ቢስነትን ተማሩ ሲሉ ደመደሙ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ2016፣ የአንጎል ጥናቶችን መርምረው የራሳቸውን ድምዳሜ ገለበጡት። መከራ ሲረዝም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማንም ሳያስተምረን የሚመጣ ምላሽ ነው፤ በትምህርት የሚገኘው "የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል" የሚለው እምነት ነው አሉ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ለሳምንታት ራሴን ሰነፍ ስል ነበርና። ከዚያ በኋላ "እንዴት ጠንካራ ልሁን?" የሚለውን ጥያቄ ትቼ ሌላ ጥያቄ ያዝኩ፤ እጄን አሳርፌበት ውጤቱን በዚያው ቀን በዓይኔ የማየው ነገር የቱ ነው?

መልሱ የመጣው ከሙያዬ ነው። በሂሳብ ሥራ ወር የሚዘጋው ሁሉም ነገር አልቆ አይደለም። ያልተከፈለ ደረሰኝ ይኖራል፣ ያልገባ ገንዘብ ይኖራል፣ በእኛ መዝገብና በባንኩ መዝገብ መካከል ያልታረቀ ልዩነት ይኖራል። ያም ሆኖ ቀኑ ሲደርስ የሆነው ይመዘገባል፤ ያልሆነው ወደሚቀጥለው ወር የዞረ ተብሎ በስሙና በመጠኑ ይጻፋል፤ ከሥሩ ይሰመራል። የዞረ ሂሳብ አልጠፋም፤ የት እንዳለ ይታወቃል። ይህን ለ11 ዓመት ስሠራ ለራሴ ቀን ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጄ ግማሹን ከጻፈችበት ደብተር ባዶ ገጽ ገለጥኩና በግራ "የተዘጋ"፣ በቀኝ "የዞረ" ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ማታ በግራ በኩል የሰፈሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የእናቴ መድኃኒት በሰዓቱ ተሰጠ። የባንክ ሂሳቡ እስከ ወሩ 14ኛ ቀን ድረስ ታረቀ። የልጄ ጥፍር ተቆረጠ። በቀኝ በኩል ደግሞ የባንክ ሂሳቡ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ፣ ለአንድ ደንበኛ ያልተመለሰ ደብዳቤ፣ የላላው የበር እጀታ። ከዚያ ማስመሪያ ፈልጌ አመጣሁና ከሥራቸው ሁለት መስመር አሰመርኩ። እስክሪብቶው ማስመሪያውን ተከትሎ ሲሄድ የተሰማኝን አልረሳውም፤ ተሰቅሎ የከረመው ትከሻዬ ወረደ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ በደንብ ለመሥራት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ"የተዘጋ" ሥር የሚጻፈው በእርግጥ የተፈጸመና የሚለካ መሆን አለበት። "ሪፖርት ሠራሁ" ከተባለ ነገ ያው ሪፖርት ተመልሶ ይመጣል፤ "የሪፖርቱን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ሞላሁ" ከተባለ ግን ያ ሠንጠረዥ ተዘግቷል። በ"የዞረ" ሥር የሚጻፈው ደግሞ ከነገው የመጀመሪያ እርምጃው ጋር ነው። "ደብዳቤ" ብሎ ማለፍ ሸክሙን በነበረበት ይተወዋል። "ነገ ከቁርስ በኋላ፣ ከደብዳቤው በፊት የደንበኛውን የክፍያ ቀን ማየት" ሲባል ግን ጠዋት ላይ እጅ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ሦስት ጊዜ የዞረ ነገር ካለ ቆም ብዬ እመረምረዋለሁ፤ ወይ ትልቅ ነውና መቆራረስ አለበት፣ ወይ የሌላ ሰው ሥራ ነውና መተላለፍ አለበት፣ ወይ መሠረዝ አለበት። የበሩን እጀታ ለባለቤቴ አዞርኩለት፤ በ10 ደቂቃ አጠበቀው።

ማይክል ስኩሊንና ባልደረቦቹ በ2018 ባወጡት ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አስተኝተው ነበር። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለ5 ደቂቃ ከፊሎቹ በመጪዎቹ ቀናት የሚሠሩትን፣ ከፊሎቹ የሠሩትን እንዲጽፉ አደረጉ። ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው የሚሠሩትን የጻፉት ናቸው፤ ዝርዝር ባደረጉት መጠንም ይበልጥ ፈጥነው ተኝተዋል። እኔም ስለዚህ "የተዘጋ"ውን አስቀድሜ "የዞረ"ውን በመጨረሻ እጽፋለሁ። ሌሊት የምነቃው ያልተሠራው ሥራ እንዳይረሳኝ በመስጋት እንደነበር የገባኝ፣ ወረቀቱ ሲያስታውስልኝ መንቃቴ በመቀነሱ ነው።

ፍርሃት ግን በሁለቱም ዓምድ አይገባም። ለእርሱ ሌላ ቦታ ሰጠሁት። በ1983 ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ ጭንቀት ለሚያበዙ ሰዎች ያቀረቡት ዘዴ አለ፤ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ለግማሽ ሰዓት መጨነቅ፣ ከዚያ ውጭ ሐሳቡ ሲመጣ ለዚያ ሰዓት ማቆየት። እኔ ከቀኑ 11 ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጥኩ። "ባለቤቴ ቢያዝስ?" ብዬ እጽፋለሁ። ከሥሩ በእጄ ያለውን እዘረዝራለሁ፤ የትኛው ክፍል ይለቀቅለታል፣ እናቴ የት ትተኛለች፣ የጤና ተቋሙ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። አንዳንዱ ጥያቄ ምንም ዝርዝር አይወጣለትም። "ይህ መቼ ያበቃል?" ከሚለው ሥር "በእጄ አይደለም" ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ሲጻፍና በሐሳብ ብቻ ሲነገር ልዩነት አለው፤ የተጻፈው እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቆያል። ዜናውንም በዚሁ መንገድ ወሰንኩት። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2020 ባወጣው ምክር መረጃን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በተወሰነ ሰዓት መከታተል ይበቃል ብሎ ነበርና ከቀኑ 7 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ውጭ አላይም። ስልኬም ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ኩሽና ማደር ጀመረ።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው የእናቴን ነገር ነው።

እናቴ ያኔ 74 ዓመቷ ነበር። በሽታው በዕድሜ የገፉትን አጥብቆ እንደሚጎዳ ስለምናውቅ ከሁሉም ነገር ጠበቅናት። ዕቃ እንዳትነካ፣ እንዳትጎነበስ፣ እንዳትደክም። ልትነሳ ስትል "ተቀመጪ እማዬ" እላታለሁ፤ ውሃ ልትቀዳ ስትል ልጄ ቀድማ ትሮጣለች። ሁሉንም የምናደርገው በፍቅር ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ግን እናቴ ከሰውነት ጎዳና ወጣች። ቀን ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ታድራለች፣ ዕለቱ ምን እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቃለች። እኔም ዕድሜዋ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የደረቀ ልብስ ሳጣጥፍ ከእጄ ላይ የባለቤቴን ሸሚዝ ሳብ አድርጋ ወሰደችና "ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መለሰቻቸው፤ ኮሌታውን በመዳፏ ሁለት ጊዜ ደልድላ አጠፈችው። ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሟል። ከዚያ ሌላውን አነሳች። ክምሩን እስክትጨርስ ድረስ አልተናገርንም። በዚያ ማታ በደብተሩ ግራ ዓምድ ላይ "ልብስ ታጠፈ" ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ፤ ያጠፈችው እርሷ ናትና።

ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን በ1976 ያሳተሙትን ጥናት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች የራሳችሁን ጉዳይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ ተባለ፤ ተክልም መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡት ተሰጣቸው። ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎችም ተክል ታደለ፤ ውሃ የሚያጠጡላቸው ግን ነርሶቹ ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። በአንድ ቤት የተደረገ ትንሽ ጥናት ስለሆነ ብዙ ነገር ልጭንበት አልፈልግም። እኔን ያስደነገጠኝ እኛ ለእናቴ እንደ ነርሶቹ ሆነን መቆየታችን ነው። ሰውን መንከባከብና ሰውን ከሥራው ማፈናቀል ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ቤታችሁ ውስጥ አረጋዊ ካለ፣ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል፤ ከእጃቸው የወሰዳችሁትን መልሱላቸው፤ የሚችሉትንም ራሳቸውን ጠይቋቸው።

እናቴን ስጠይቃት የመረጠችው ሰዓት መጠበቅን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የተባለ ተማሪ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የኩሽና ሰዓት መቁጠሪያ እየታገዘ 25 ደቂቃ ሠርቶ ጥቂት ማረፍን ልማድ አድርጎ ነበር፤ ዘዴው ዛሬ በብዙ አገር ይታወቃል። እኔም ሞክሬው በስልኬ ምክንያት ተበላሽቶብኝ ነበር፤ ሰዓት ለማየት ሳነሳው ዜናው ቀድሞ ያገኘኛል። እናቴ ወንበሯን ከምሠራበት ክፍል በር አጠገብ አደረገች፤ የእጅ ሰዓቷን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። 25 ደቂቃው ሲያልቅ በሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ "ሞላ!" ትላለች። በዚያ መካከል ማንም አይገባም፤ ልጄ የምትፈልገው ነገር ካለ አስቀድማ አያቷን ትጠይቃለች። "እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ጨምሪልኝ" ስላት "አልጨምርም፤ ተነሽና ወገብሽን ዘርጊ" ትለኛለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕለቱ ምን እንደሆነ እኛ ነን እርሷን የምንጠይቃት። በደብተሩም የራሷን ዓምድ ጠየቀች፤ ማታ ማታ እርሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ዛሬ ስምንት ጊዜ ሞላ። አንድ ጊዜ ብቻ ተረበሸ፤ እርሱም በስልክ ነው።"

በሥራ በኩል ነገሩን ያቀለለልኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ወደኋላ በቀረሁ ቁጥር አፍሬ ዝም እል ነበር፤ ዝምታው ደግሞ ዕዳውን ያበዛዋል። አንድ ጠዋት ለአለቃዬ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳቸው። "በቀን 8 ሰዓት መሥራት አልቻልኩም፤ በእርግጠኝነት የምሰጠው 5 ሰዓት ነው። በእጄ ካሉት 7 ሥራዎች በዚህ ሳምንት የግድ የሚያስፈልጉት የትኞቹ ናቸው?" አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሦስቱን ጠሩልኝ። አንደኛውን ሪፖርት ከወራት ጀምሮ የሚያነበው ሰው እንዳልነበረ ያወቅሁት በዚያ ጥሪ ነው፤ ለእርሱ ብዬ ስንት ማታ አምሽቻለሁ። ጥያቄው ልመና ሳይሆን ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ለአለቃም መመለስ ይቀላል።

ከልጄ ጋር ጠረጴዛውን በነጭ ፕላስተር ለሁለት ከፈልነው። በእረፍቴ ሰዓት የምመልስላት ጥያቄ ካላት በወረቀት ጽፋ በፕላስተሩ ላይ ታስቀምጣለች። ግማሾቹን እኔ ሳልደርስ ራሷ ትመልሳቸዋለች።

ስለ ሰውነት ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ተብሏል። ጠዋት የሌሊት ልብሴን ቀይሬ መስኮት እከፍታለሁ፤ የማለዳ ብርሃን የሰውነትን የእንቅልፍ ሰዓት የሚያስተካክል ዋና ነገር ነው። ሥራ ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ 10 ደቂቃ በቤቱ ዙሪያ እራመዳለሁ፤ በፊት የነበረው መንገድ ምትክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህ በቀን ሲካፈል 22 ደቂቃ አይሞላም።

ያልዘጋኋቸው ቀኖችም አሉ። በደብተሩ ውስጥ ባዶ ገጾች አሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ አልሞላኋቸውም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ አዲስ ነገር ልማድ ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ግምታቸውን አስፍረዋል። ለእኔ ያጽናናኝ ከቁጥሩ ይልቅ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያፈርሰውም። ስለዚህ የዘለልኩ ዕለት በማግስቱ ከአዲሱ ቀን እጀምራለሁ።

ደብተር የማይበቃበት ጊዜም አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንደ እኔ ሞክራ አልሆነላትም። ማለዳ ከአልጋ መነሳት፣ መብላት፣ ከልጆቿ ጋር መነጋገር እንኳ አቃታት። በእርሷ ላይ የነበረው የሥርዓት ማጣት ሳይሆን ሕመም ነበር፤ ሐኪም በስልክ እየተከታተላት ዳነች። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን ይዞ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ እባካችሁ ለባለሙያ ተናገሩ። በራስ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት አጠገብ ላለ ሰው ይነገራል፤ ወደ ሕክምናም ይኬዳል።

ቤት መዋል በጀመርን በአምስተኛው ወር ባለቤቴ ተያዘ፤ ከሦስት ቀን በኋላ እኔ። በጭንቀት ሰዓት የጻፍኩት ዝርዝር ያኔ ወጣ። ክፍሉ ተለቀቀ፣ እናቴና ልጄ ወደ ሌላው ክፍል ገቡ፣ ስልክ ቁጥሩ በሩ ላይ ነበር። በደህናው ጊዜ ደግሞ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ "ትንሽ ቀን" ብዬ ለክፉ ጊዜ የሚበቃ ቀን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ነገር ብቻ አለው። ውሃ መጠጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ለአንድ ሰው መደወል። ይህን በጤናችሁ ጊዜ ጻፉት፤ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ምን ይበቃል ብሎ መወሰን አይቻልም። 9 ቀን በትንሽ ቀን ኖርን። እናቴ ከተዘጋው በር ማዶ በየሰዓቱ "ሞላ! ውሃ ጠጪ!" ትላለች፤ እስክመልስላት ድረስ አትሄድም።

የአራተኛውን ቀን ገጽ አሁን ገልጬ እያየሁት ነው። ፊደሎቹ የእኔ አይመስሉም። በግራ "ውሃ ጠጣሁ" ይላል። በቀኝ "ሁሉም" ይላል። ከሥራቸው ሁለት መስመር አለ፤ ማስመሪያዬ ሌላው ክፍል ቀርቶ ስለነበር ያሰመርኩት በስልኬ ጠርዝ ነው።